ጎንደር ከባለጸጎቿ ምን ወሰደች፣ ምን ሰጠቻቸው

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት ድንኳናቸውን ከአገር አገር እያዞሩ ነበር። የሚዞር ቤተ መንግሥት ግብሩን የሚበላው በደረሰበት ነው፤ እህሉና ከብቱ ሲመናመን ይነሣል፣ ገበሬው ያገግማል፣ ሠራዊቱም ሌላ ቀዬ ላይ ይሰፍራል። ግንብ ሠርቶ የተቀመጠ ንጉሥ ግን እንዲህ መኖር አይችልም። ደንቢያ የቱንም ያህል ለም ቢሆን፣ ወገራ የቱንም ያህል ገብስና ስንዴ ቢያበቅል፣ በአንድ ቦታ የረጋ ቤተ መንግሥትና በዙሪያው የተሰበሰበው መኳንንት፣ ካህን፣ ወታደርና ባለእጅ ከአካባቢው እርሻ ብቻ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ የጎንደር ኑሮ ከመነሻው በሁለት ገቢ ላይ ቆመ፦ ከገጠር በሚመጣው የመሬት ግብርና በደጇ በሚያልፈው ሲራራ ንግድ ላይ በሚጣለው ቀረጥ። በዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚተረከው ሁለተኛው ነው፤ በዘመኑ ጥሬ ሀብት በእጁ የነበረው፣ ሀብቱንም በበቅሎና በአህያ ጭኖ ወደፈለገበት ሊሄድ የሚችለው ነጋዴው ነበርና። ባለገቢው ብዙ ሲጠየቅ ጥሎ ይሄዳል፣ አገሩም ይደኸያል የሚለው ሥጋት ዛሬ በየምክር ቤቱ ይነሣል። ጎንደር ይህ ሥጋት ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ የተፈተነባት ከተማ ናት። የከተማዋ ታሪክ የሚያሳየው፣ ባለጸጋው የሸሸውም የከሰረውም ግብር ስለከፈለ ሳይሆን፣ የሚከፍለው ልኩ የማይታወቅ፣ በየደረሰበት የሚደጋገም፣ ለከፈለበትም ከተማ የማይመለስ በሆነ ጊዜ መሆኑን ነው።

ከደቡብ፣ ከእናርያና ከጎጃም ገበያዎች፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ቡና፣ ባሪያም ጭምር እየተጫነ ወደ ጎንደር ይወጣ ነበር። ከዚያ አንዱ መንገድ በትግራይ በኩል ቱርኮች ወደያዟት ምጽዋ ይወርዳል፤ ሌላው በመተማ በኩል ወደ ስናር ይሻገራል። ከትግራይ በኩል አሞሌ ጨው ይመጣል። የዚህ ንግድ ዋና ባለቤቶች ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። በ1660 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሠፈር እንዲኖሩ ወሰነ፤ ርስት የመያዝ መብታቸውም የተነፈገ ወይም እጅግ የተገደበ ነበር። መሬት የሌለው ሰው የሚያስረው ነገር የለም። የግብር ጫና ብቻውን ባለሀብትን የሚያሰድድ ቢሆን ኖሮ፣ በሃይማኖቱ የተገፋው፣ ሀብቱም ሁሉ ተንቀሳቃሽ የሆነው የጎንደር ሲራራ ነጋዴ ከሁሉ ቀድሞ በሄደ ነበር። እሱ ግን በቃሃ ወንዝ ዳርቻ ሠፈሩን መሥርቶ ለትውልዶች ነገደ፣ ቀረጥም ከፈለ።

ለመቆየቱ ምክንያት የሆነው ከተማዋ በልዋጩ የምትሰጠው ነገር ነው። ነጋድራስ የሚባለው ሹም ቀረጥ ሰብሳቢ ብቻ አልነበረም፤ የነጋዴው አለቃ፣ ዳኛውና በቤተ መንግሥት ፊት ጠበቃው ነበር። ሲራራው በአንድነት ይነሣል፣ በጥበቃ ይጓዛል፣ የተጣላ በነጋድራሱ ይዳኛል። በቀረጡም ላይ የከተማዋ ሕይወት ይቆም ነበር፤ የጎንደር ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ብራና ጸሐፊና ግንበኛ ሁሉ ደንበኛው በቤተ መንግሥቱና በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተሰበሰበው ገቢ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1760ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ሲቀመጥ ከተማዋ በሰላም ጊዜ ወደ 10,000 አባወራ እንደሚኖርባት ገምቷል። ግምቱ ቢጋነን እንኳ ጎንደር በዚያ ዘመን ከአገሪቱ ከተሞች ትልቋ ነበረች። እርግጥ ነው፣ ይህን ሥርዓት ማሞገስ የሚቻለው እስከ ልኩ ድረስ ነው፤ ከሚቀረጠው ዕቃ ውስጥ የሰው ልጅ ነበረበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ባለጸጋ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ግን ቀረጥ አይከፍልም ነበር። አድያም ሰገድ ኢያሱ ለደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ ለቁስቋም፣ ሌሎችም ነገሥታትና ወይዛዝርት ለየደብሮቻቸው ሰፊ ጉልት ተክለዋል። ከጉልቱ የሚገኘው ግብር ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት ሳይሆን ወደ ደብሩ፣ ከዚያም በደብር አለቅነትና በድርሻ ወደ መኳንንቱ ቤት ይገባ ነበር። ይህ አካሄድ ለትምህርትና ለሥነ ጥበብ ያበረከተው የሚካድ አይደለም፤ የጎንደር የቅኔ፣ የአቋቋምና የትርጓሜ ጉባኤ ቤቶች የቆሙት በዚሁ ነው። ንጉሡ ግን በየትውልዱ የራሱን ገቢ እየቆረሰ ሰጠ። የመሬቱ ግብር ሲጠብ የቤተ መንግሥቱ ክብደት በቀረጡ ላይ ወደቀ፤ ቀረጡ የሚኖረው ደግሞ መንገዱ ሰላም እስከሆነ ድረስ ነው።

መንገዱ ሰላም ያጣው በ1761 ከጀመረው ዘመነ መሳፍንት ወዲህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ግንብ ውስጥ ስሙን ይዞ ሲቀር፣ የየጁ ራሶች በደብረ ታቦር፣ ደጃዝማች ውቤ በሰሜንና በትግራይ፣ እቴጌ መነን በደንቢያና በጎንደር፣ እያንዳንዱ በየግዛቱ ኬላ አቆመ። ከጎጃሙ የባሶ ገበያ ተነሥቶ ምጽዋ እስኪደርስ ድረስ ሲራራው በየወንዙ መሻገሪያና በየአምባው ሥር ይቀረጥ ጀመር፤ ሲቀረጥም በታወቀ ልክ አይደለም። አንዱ ኬላ በጭነት ያስከፍላል፣ ሌላው በዐይኑ ገምቶ፣ ሌላው ደግሞ ነጋዴውን ለሳምንታት አግቶ እጅ መንሻ እስኪያገኝ ይጠብቃል። እያንዳንዱ መስፍን የሚወስደው ከነገሥታቱ ዘመን ቀረጥ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ድምሩ ግን ከማንም ቁጥጥር ውጭ ሆነ፤ ከነጋዴው የተወሰደውም ገንዘብ የጎንደርን ገበያ ወይም መንገድ የሚጠብቅ ሳይሆን በዚያው መንገድ ላይ የሚዋጋ ጦር የሚቀልብ ሆነ። በዚህ ዘመን ማብቂያ ከተማዋን ያዩ አውሮጳውያን የጻፉት የፈራረሰ ግንብና የሳሳ ሕዝብ ነው። ለግብር ክርክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለማግኘት ይከብዳል፤ ነጋዴዎቹ እነዚያው፣ ዕቃው ያው፣ ምጽዋም ከቦታዋ አልተነቀነቀችም። የተለወጠው የአስከፋዩ ብዛትና የሚወሰደው መዋያ ነው።

ይህን ከማንም በላይ የተረዳው ራሱ ሲራራ ሲዘርፍ ያደገ ሰው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቋራው ካሣ በሽፍትነት ዘመኑ ከነጋዴ የቀማውን ለገበሬ ማረሻ መግዣ ሰጠ እየተባለ ይነገርለታል። በየካቲት 1847 በሰሜን፣ በደረስጌ ማርያም፣ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ግን ካወጧቸው የመጀመሪያ ትእዛዞች አንዱ የኬላዎቹን ብዛት የሚቆርጥ ነበር። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በዚያው ዓመት እንደዘገበው፣ ቀረጥ በግዛታቸው ሁሉ በሦስት ቦታ ብቻ እንዲሰበሰብ አዘዙ፤ ወታደሩም በገበሬ ቤት ተመርቶ ከመብላት ይልቅ ደመወዝ እንዲያገኝ አሰቡ። ሁለቱ ሐሳቦች አንድ ናቸው፦ ለአንድ ግምጃ ቤት፣ አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ልክ። ደመወዙ ግን ከየት ይምጣ? ገበሬው ተሟጧል፣ ነጋዴው ተራቁቷል። የቀረው ግብር የማይከፍለው ሰፊ መሬት ነበር። ንጉሡ በ1848 ጎንደር ላይ ጉዳዩን ለካህናቱ አነሡት፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን ያህል መሬት ይዛ ወታደሬን በምን ልቀልብ ነው የክርክራቸው ፍሬ። በ1852 ደግሞ ለእያንዳንዱ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የሚበቃ መሬት ብቻ ትተው የቀረውን ግብር ለሚከፍል ገበሬ እንዲሰጥ ወሰኑ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ቴዎድሮስ ባለጸጋውን ግብር ለማስከፈል ሞክረው ወደቁ፣ ስለዚህ ታሪኩ ባለጸጋን መንካት አገር እንደሚያፈርስ ይመሰክራል የሚል። እውነትነት አለው፤ ካህናቱ ሕዝቡን በንጉሡ ላይ አሸፈቱ፣ ዐመፁም አልበረደም። ይሁን እንጂ የቅደም ተከተሉን ነገር ማየት ያስፈልጋል። ንጉሡ መሬቱን ሲወስዱ ደብሩ ያስተምር፣ ድኻ ይመግብ፣ ሙት ይቀብር የነበረበትን ገቢ በምን እንደሚተኩት የተዘጋጀ መልስ አልነበራቸውም፤ ያስከፈሉትም ሁሉ ወደ ጦርነት ነበር የሚሄደው። ግዛታቸው እየጠበበ ሲመጣ የሚታወቅ ልክ ያለው ግብር የሚለውን የራሳቸውን ሐሳብ ጥለው ወደ ዘረፋ ተመለሱ። በ1859 መጀመሪያ ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ተራቁተው መጻሕፍቱ ወደ ደብረ ታቦርና ከዚያም ወደ መቅደላ ተጋዙ። በ1847 ኬላ የቀነሱት ንጉሥና በ1859 ከተማዋን ያነደዱት ንጉሥ አንድ ሰው መሆናቸው፣ የገቢ ምንጭ ያጣ መንግሥት እስከምን ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ ከግብር ጋር ያለው ዝምድና የላላ ነውና። በጥር 1880 የሱዳን ደርቡሾች ገብተው ከተማዋን አነደዱ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጥቂቶች ብቻ ተረፉ፤ በመጋቢት 1881 አፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ወደቁ፤ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ከብቱንም ሰውንም ፈጀ። ምጽዋ በጣልያን ቅኝ ግዛት ውስጥ ገባች። የባቡር ሐዲዱ በ1909 ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲደርስ የደቡብ ቡና በጎንደር ማለፉን ተወ። እነዚህ ምክንያቶች ለብቻቸው የጎንደርን ድህነት ያስረዳሉ ለሚል አንባቢ፣ በከፊል ልክ ነህ ማለት ይገባል። መንገድ የዞረባት ከተማ የቱንም ዓይነት ጥሩ ግብር ብታወጣ ሲራራውን አትመልሰውም። ይህን ዘመን ከሁሉ አጥርቶ የተመለከተው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ጽሑፎቹ፣ ከሞተ በኋላ በ1916 የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ጭምር፣ የመንግሥት ሀብት ከንጉሡ የግል ሀብት እንዲለይ፣ ግብርም በታወቀ ልክ በገንዘብ እንዲከፈል ይሞግታሉ። ሰውየው የድሬዳዋ ነጋድራስ ስለነበረ ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቀውም።

ጣልያኖች ጎንደርን የአማራ ግዛታቸው መናገሻ አድርገው ፒያሳን ሠሩ፣ በሊማሊሞ በኩል ወደ አስመራ የመኪና መንገድ አወጡ፤ በኅዳር 1934 የመጨረሻ ጦራቸው እጁን የሰጠውም እዚያው ነው። ከነጻነት በኋላ የተደረገው ለውጥ ግን ከሕንፃው ይበልጥ ሥር ነክቷል። የጠቅላይ ግዛት ገዥዎች ግብር በልተው የሚያድሩ መሆናቸው ቀርቶ ደመወዝተኛ ሆኑ፤ ገቢው ሁሉ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ይሄድ ጀመር። ገብረ ሕይወት የተመኘው ግማሹ ተሳካ ማለት ነው፤ ልኩ ታወቀ፣ አስከፋዩም አንድ ሆነ። ከፋዩና ገንዘቡ የሚውልበት ቦታ ግን ተራራቁ። የ1937ቱ የመሬት ግብር አዋጅ አገሩን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በጋሻ ሲደለድል፣ በጌምድር፣ ጎጃምና ትግራይ ከዚህ ውጭ ሆነው በ1927 ይከፍሉት በነበረው ልክ እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው። ለወገራና ለሰሜን ገበሬ ይህ እፎይታ ነበር። ለጠቅላይ ግዛቱ ግን የደከመ ገቢ ማለት ነው፤ ትንሽ ስለሚያስገባ ትንሽ የሚመደብለት አገር ሆነ። በ1947 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጥቂቶቹ ትልልቅ ተቋማት አንዱ ነበር።

በኅዳር 1960 የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወረቀት ላይ ከታየ ፍትሐዊ ነው። አስራቱን አስቀርቶ ብዙ ገቢ ያለው ብዙ፣ ትንሽ ያለው ትንሽ እንዲከፍል የሚያደርግ፣ በአገሪቱ ታሪክ ባለ ትልቅ መሬትን በገቢው ልክ ለመንካት ከታቀዱት የመጀመሪያዎቹ ሕጎች አንዱ ነበር። ጎጃም ግን በመሣሪያ ተነሣ። ያስነሣው ከፍተኛው የግብር ደረጃ አልነበረም፤ እዚያ ደረጃ የሚደርስ ገበሬ የት ተገኝቶ? ያስፈራው ገማች ኮሚቴ በማሳው ቆሞ ምርቱን በዐይኑ ሲለካ፣ ነገ ደግሞ ርስቱ በገመድ ተለክቶ እንዳይወሰድ ነው፤ በገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ላይ የነበረው ምሬትም ተጨመረ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻ ገዥውን አነሣ፣ ውዝፍ ግብሩንም ማረ። ባለ ርስቱ የደጋ አገር ሁሉ፣ በጌምድርም ጭምር፣ ከዚህ የተማረው ትምህርት ግልጽ ነበር። መንግሥት የተማረው ያን ያህል ግልጽ አይመስልም።

ደርግ ጥያቄውን በሌላ ጫፍ ፈታው። የገጠር መሬትን በየካቲት 1967 የሕዝብ ሀብት ካደረገ በኋላ፣ በ1968 የግል ነጋዴ ካፒታል በችርቻሮ ከ200,000፣ በጅምላ ከ300,000፣ በኢንዱስትሪ ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። የገቢ ግብሩ ከፍተኛ ደረጃም ከ80 በመቶ በላይ ወጣ። እዚህ ላይ የግብር ተቃዋሚው አሸነፈ መባል አለበት። ከመቶ ሰማንያ የሚወስድ ሕግ ግብር መሆኑ ቀርቶ ሥራ መከልከያ ይሆናል፤ ነጋዴው ወይ ሒሳቡን ይደብቃል፣ ወይ በመተማ በኩል በኮንትሮባንድ ይሠራል፣ ወይ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የግብሩ ልክ ግድ የለም የሚል ሙግት ስለዚህ አይቆምም። ልክ አለው፤ ዛሬ ያለው ደረጃ ግን ከዚያ በእጅጉ የራቀ ነው።

ከ1983 በኋላ የተዘረጋው ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ግብር የመጣል ሥልጣንን በጽሑፍ ለክልል ሰጠ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 መሠረት የክልሉ መንግሥት ሠራተኞችና የግል ድርጅት ተቀጣሪዎች የሥራ ግብር፣ የግለሰብ ነጋዴ ትርፍ ግብርና የገበሬው የእርሻ ገቢ ግብር የክልል ናቸው። ክልሎች የራሳቸውን የግብር ደረጃ ማውጣት ሲችሉ ግን ሁሉም የፌዴራሉን ገልብጠው አጸደቁ። በ1994 ከ5,000 ብር፣ በ2008 ከ10,900 ብር፣ በሐምሌ 2017 ደግሞ ከ14,000 ብር በላይ ባለው የወር ደመወዝ ላይ ከፍተኛው ደረጃ 35 በመቶ ነው። ይህ አንድነት መጥፎ አይደለም፤ ክልሎች ባለሀብት ለመሳብ ግብር በመቀነስ ቢሻሙ ኖሮ ሁሉም ባዶ እጁን በቀረ። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። በ1994 አምስት ሺህ ብር ደመወዝ የባለጸጋ ነበር፤ በ2017 አዋጁ ሲወጣ ግን አሥራ አራት ሺህ ብር መቶ ዶላር ያህል ነበር። ባለ ከፍተኛ ገቢ ተብሎ የሚከፍለው መምህሩና ሐኪሙ ሆነ፤ ግብሩ ደመወዙ እጁ ሳይገባ ይቆረጣልና።

ለጎንደር ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ። ከተማዋ የጠቅላይ ግዛት መናገሻነቷን አጥታ የክልሉ መናገሻ ባሕር ዳር ስትሆን፣ የተሻለ ደመወዝ ከሚከፈላቸው ነዋሪዎቿ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ሆኑ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ስለሆነ የሠራተኞቹ የገቢ ግብር የሚገባው ለፌዴራል መንግሥት ነው። ነጋዴውስ? ግለሰብ ሆኖ እስከነገደ ግብሩ የክልሉ ነው፤ አድጎ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲያቋቁም ግን በአንቀጽ 98 መሠረት የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ ይሆናል። በ1992 ማምረት የጀመረው የዳሸን ቢራ ፋብሪካ ዓይነት ድርጅትም በዚሁ ሥር ነው። እንግዲህ ነጋዴው ባደገ ቁጥር ክልሉ ለብቻው ከሚያዝበት ሣጥን እየወጣ ይሄዳል። የጋራው ገቢ ይከፋፈላል፣ ድጎማም አለ የሚል መልስ ይሰጣል፤ እውነት ነው፣ የክልሉ በጀት አብዛኛው የሚቆመው በድጎማ ነው። ነገር ግን በድጎማ የሚኖር አስተዳደር የሚጨነቀው በቀመሩ እንጂ በነጋዴው መክበር አይደለም።

ተቃዋሚው የመጨረሻ መከራከሪያ ያነሣል፦ ባለሀብቱ ዛሬ ጎንደርን የሚሸሸው ለሰላም ማጣት ነው፣ ግብር የቱ ጋ ገባ? ከ2013ቱ የሰሜኑ ጦርነት ወዲህ፣ በክልሉ ግጭቱ ከከፋበት ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ይበልጥ፣ ማንም ይህን ሊክድ አይችልም። ግን ሕገወጥ ኬላ የሚባለውን እንይ። የመተማ ሰሊጥ የጫነ መኪና በየመንገዱ ሲቆምና ሲከፍል፣ የሚከፍለው ግብር እንጂ ምን ሊባል ይችላል? ልኩ የማይታወቅ፣ ደረሰኝ የሌለው፣ በማግስቱ የሚደገም ግብር ነው። 35 በመቶውን የሚያማርር ነጋዴ አለ፤ የሚያስቆመው ግን ይኼኛው ነው። ርቀን ብንሄድ፣ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በሚበልጥ ዓመታዊ ገቢ ላይ 4 በመቶ ጨምሮ፣ ገንዘቡ ለትምህርትና ለመንገድ እንዲውል በሕግ ሲያስር፣ የተሰበሰበው ከተገመተው በላይ ሆኗል። የእኛና የእነሱ ሀብት አይወዳደርም፤ እዚያ ግን ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ግብሩ ሲጣል ጀምሮ በሕግ ታውቆ ነበር።

በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ አሁን ለጎንደር አዲስ መንገድ ከፍቷል። ከቦታ ወደ ቦታ የማይሄድ ሀብት ቢኖር ሕንፃ ነው፤ ከሕንፃው የሚሰበሰበውም ገቢ ለከተማው አገልግሎት እንዲውል የታሰበ ነው። በፒያሳ፣ በአራዳና በአዘዞ መንገድ ፎቅ የሠራው ሰው የዩኒቨርሲቲው መምህር ከሚከፍለው የሚበልጥ መክፈል የሚችል መሆኑን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ይህ ታክስ ግን ግምት ይፈልጋል፤ ገማች በሰው ደጅ ቆሞ ንብረቱን ሊለካ ነው ማለት ነው። የከተማው አስተዳደር የግምቱን መሠረት ለእያንዳንዱ ሠፈር ከማስከፈሉ በፊት ካላስታወቀ፣ የተሰበሰበውም በየትኛው መንገድና በየትኛው የውኃ መስመር ላይ እንደዋለ በየዓመቱ ካላሳየ፣ የ1960ውን ገማች ኮሚቴ በከተማ ውስጥ መድገም ይሆናል።